የኤሌክትሪክ መለኪያችን ሲዋሽ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ወዲህ በባቡሩ መጠገኛ ቤት አያሌ ባለሙያዎች ስለ ሠለጠኑ፥ የከተማችን ሰው የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ ማየትን እንደ ድፍረት አይቈጥረውም። በታይዋን ገበያ የሚሸጠው ዲጂታል መልቲሜትርም በየቤቱ የገባው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ይህ ቮልትን፥ አምፔርንና ኦምን በአንድነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ የቈየ ነው፤ ዶናልድ ማካዲ የተባለው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ብዙ መለኪያ መሸከም ቢሰለቸው ሦስቱን በአንድ ሣጥን አዋሐዳቸው፤ መሣሪያውም በ1923 እ.ኤ.አ. አቮሜትር ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ጥፋቱም የሚመጣው ሦስቱ በአንድ ሣጥን ከመሆናቸው ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው የሙቀት ወራት የቤቴ ማራገቢያ ቀስ እያለ መዞር ስለ ጀመረ፥ የመብራቱ ኃይል ወርዶ እንደ ሆነ ለማወቅ መለኪያዬን አነሣሁ። ማዞሪያውን ወደ ቮልት በትክክል መለስሁ። ነገር ግን በዋዜማው አምፔር ስለካበት የነበረውን ቀይ ገመድ ከ10 አምፔሩ ቀዳዳ አላወጣሁትም ነበር። ሁለቱን ጫፎች ወደ ሶኬቱ ባስገባሁ ጊዜ ብልጭታ ሆነ፤ የቀዩ ጫፍ ቀለጠ፤ ቤቱም ጨለመ።

ምክንያቱን በውሃ ቧንቧ ብንመስለው ይቀላል። ቮልት የሚለካው ክፍል ከቧንቧው ጎን ተለጥፎ ግፊቱን ብቻ እንደሚያይ ሰው ነው፤ በውስጡ የሚያሳልፈው ከቁጥር አይገባም፤ ተቃውሞው ከ1 ሚሊዮን እስከ 10 ሚሊዮን ኦም ይደርሳልና። አምፔር የሚለካው ግን እንደ ውሃ ቆጣሪ ቧንቧው ተቈርጦ በመካከሉ የሚገባ ስለ ሆነ፥ መንገድ እንዳይዘጋ ተቃውሞው ከአንድ ኦም እጅግ ያነሰ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ይህን ክፍል በ220 ቮልት ሁለት ሽቦዎች መካከል ማግባት ሁለቱን በምስማር ከማገናኘት አይለይም።

በነገሩ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በማግሥቱ የሆነው ነው። ጫፉን አስተካክዬ፥ የዚያኑ ሶኬት ብሎን ለማጥበቅ ፈልጌ ብለካው መለኪያው ዜሮ አለኝ። ኃይል የለም ብዬ ካቻቢቴዬን ሳነሣ፥ ባለቤቴ ነገሩን ሳታውቅ የጠረጴዛውን መብራት እዚያው ብትሰካው በራ! ቀዩ ገመድ በላስቲኩ ውስጥ ተበጥሶ ነበር። ፈጽሞ የሞተ መለኪያ ማንንም አያሳስትም፤ ግማሽ ጎኑ ተጎድቶ ቁጥር የሚያሳየው ግን ሰው ይገድላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበትን መለኪያ ስንመረምር ከገመዶቹ እንጀምር። ማዞሪያውን ወደ ኦም አድርገን ሁለቱን ጫፎች እርስ በርሳቸው ብናነካካ ከ1 ኦም በታች ሊያሳይ ይገባል። በግራ በኩል 1 ቁጥር ብቻዋን ከቆመች መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ገመዱን እያጠፍን እንየው። የ9 ቮልት ባትሪውም ይታይ፤ የደከመ ባትሪ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል።

አምፔር መለካት እምቢ ካለ ፊውዙን መጠርጠር ነው። ገመዶቹን ነቅለን ጀርባውን እንክፈትና በሌላ ሰው መለኪያ እንፈትሸው። ተቃጥሎ ከተገኘ በላዩ የተጻፈው ልክ ተነቦ በዚያው ልክ ይተካ። የሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልለው የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ እነዚህ መሣሪያውን አልጠገኑም፤ በር ጠባቂውን አባረው ቤቱን ክፍት ተዉት እንጂ። በርካሾቹ መለኪያዎች ላይ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ከቶ ፊውዝ የለውም። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሺህ ዋት በላይ፥ ማለት ከ13 አምፔር በላይ ስለሚስብ፥ በዚህ ቀዳዳ ሊለካ አይገባውም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ሽቦማ 25 ሺህ ቮልት ስለ ሆነ የእጅ መለኪያ ይዞ የሚቀርበው ሰው አይኑር።

ማዞሪያው ኦም ላይ ሳለ 220 ቮልት የነካው እንደ ሆነ ጉዳቱ ስውር ነው። አንዳንዱ ኦሙን ብቻ ያጣል፤ አንዳንዱ ቮልቱንም ያዛባል። ለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው፤ አዲስ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ሲለካ ከ1.5 እስከ 1.6 ማሳየት አለበት። ከዚህ የራቀ ቁጥር ካሳየ፥ ወይም ውስጡ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፥ ለቤት ኤሌክትሪክ ሥራ አይዋል።

ያልተበላሸ መለኪያም በቀጥተኛው ጅረት ላይ ተደርጎ የቤቱን ተለዋዋጭ ጅረት ቢለካ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ እኔ አሁን አስቀድሜ መብራት ሲበራበት ያየሁትን ሶኬት እለካለሁ፤ ቀጥዬ የምጠራጠረውን፤ ከዚያም ተመልሼ የመጀመሪያውን። በመጨረሻው ልክ 220 አካባቢ ካላገኘሁ፥ በመካከል ያየሁትን ዜሮ አላምነውም።