ብር፣ ሽልንግና ናቅፋ፤ የምንዛሬ ተመን ከሒሳብ ባሻገር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የምንዛሬ ተመን በባንክ ሰሌዳ ላይ ሲታይ ሁለት አኃዞችና አንድ የእኩል ምልክት ይመስላል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህን ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ማን ይቀበለዋል? በምንስ ይከፍለዋል? ብር ከሁለት የጎረቤት ገንዘቦች ጋር፣ ማለትም ከምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ከናቅፋ ጋር ያሳለፈው ታሪክ የዚህን ጥያቄ ክብደት በግልጽ ያሳያል።

የኢጣልያ ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ በኢትዮጵያ ገበያ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የኢጣልያ ሊሬና ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ፣ ተመኑ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሆነ። ሃያ ሽልንግ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ስለ ነበረ፣ አሥር ብር አንድ ፓውንድ ማለት ነበር። የብር ዋጋ ግን የተወሰነው በወርቅ ሲሆን፣ በዚሁ ልክ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር።

ይህ ለገበያተኛው የሚመች ቀላል ስሌት የጸናው ለአራት ዓመታት ያህል ብቻ ነው። በመስከረም 1942 ዓ.ም. ፓውንድ ከ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ዝቅ ሲደረግ፣ ከፓውንድ ጋር የታሰረው ሽልንግም አብሮ ወረደ። ብር ከዶላር ጋር የነበረውን ዋጋ አልለወጠም። ስለዚህ በስሌት ሁለት ሽልንግ የነበረው አንድ ብር ወደ 2 ሽልንግ ከ87 ሳንቲም ገደማ ከፍ አለ። አዲስ አበባም ናይሮቢም ሳይወስኑ፣ ለንደን ላይ በተደረገ ውሳኔ የሁለት አፍሪካውያን ገንዘቦች ዝምድና ተለወጠ። ኤርትራም በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በሽልንግ ስትገበያይ ቆይታ፣ በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲመሠረት ወደ ብር ተሸጋገረች።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከዚህ ይልቅ መራራ ነው። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በብር መገበያየቷን ቀጠለች። ኖቱን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለ ነበረ፣ አዲሱ መንግሥት የራሱን ገንዘብ መሻቱ የሚጠበቅ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በኅዳር ወር ገደማ፣ በሳሕል ተራሮች በምትገኘው ከተማ ስም የተሰየመው ናቅፋ ወጣ። ተመኑም አንድ ናቅፋ ለአንድ ብር ተባለ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ከ7 ብር በጥቂት ያነሰ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ከቁጥሩ ይልቅ በአከፋፈሉ ላይ ነው። የኤርትራ ሐሳብ ሁለቱ ገንዘቦች በሁለቱም አገሮች በእኩል ዋጋ እንዲዘዋወሩ ነበር። ኢትዮጵያ ይህን አልተቀበለችም፤ ከ2,000 ብር ከማይበልጠው የድንበር ንግድ በስተቀር፣ ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲፈጸም ወሰነች። የራሷንም የብር ኖቶች በአዲስ ለወጠች። የየወገኑ ስጋት ሊታወቅ የሚችል ነው። ለአስመራ፣ ከቅርብ ጎረቤት የሚመጣን እህል እምብዛም በማይገኝ ዶላር መግዛት ከባድ ሸክም ነበር። ለአዲስ አበባ ደግሞ፣ ሌላ ባንክ የሚያትመውን ኖት ያለ ገደብ በእኩል ዋጋ መቀበል ወሰን የሌለው ብድር እንደ መስጠት ነበር። በመካከሉ የተጎዳው፣ ትናንት በአንድ ገንዘብ ከዛላምበሳ እስከ ሰንዓፈ ይሸጥና ይገዛ የነበረው ነጋዴ ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ሆኖም የገንዘቡ አለመግባባት ቅሬታውን እንዳባባሰ አይካድም። በአሰብ ያልፍ የነበረው የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በብርና በናቅፋ መካከል ይደረግ የነበረውም ሕጋዊ ግብይት ተቋረጠ።

ተመኑ ግን በወረቀት ላይ መቆጠሩን ቀጠለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የናቅፋ ይፋ ዋጋ አንድ ዶላር በ15 ናቅፋ ጸና። ያን ጊዜ ዶላር 8 ብር ከ65 ሳንቲም ገደማ ስለ ነበረ፣ አንድ ናቅፋ 58 ሳንቲም ያህል ይወጣዋል። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሲወጣ፣ ናቅፋ ከብር በላይ ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚሁ ስሌት አንድ ናቅፋ ከ3 ብር ከ80 ተነሥቶ ከ6 ብር ከ60 በላይ ሆነ።

ይህን እድገት የናቅፋ ጥንካሬ ምስክር አድርጎ ማንበብ ትልቅ ስሕተት ነው። አንዱ ተመን በትእዛዝ የቆመ፣ ሌላው የሚንቀሳቀስ ነውና፣ ውጤቱ የሚለካው የብርን መውረድ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ ናቅፋን ተቀብሎ ብር የሚከፍል፣ ብርን ተቀብሎ ናቅፋ የሚከፍል የሁለትዮሽ አሠራር አልነበረም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ ሰውና ሸቀጥ እንደ ጎርፍ ሲያልፍ፣ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ነጋዴው በየገበያው በራሱ ግምት መነዘረ። መተላለፊያዎቹም በወራት ውስጥ መልሰው ተዘጉ።

ለሙያው ሰው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። በስሌት የተገኘ ተመንና በእጅ የሚመነዘር ተመን አንድ አይደሉም፤ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ንብረት የሚገምት ወይም ውል የሚያረቅ ሁሉ ሁለቱን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። ሁለቱ አገሮች እንደ ገና የሚገበያዩበት ቀን ሲመጣም፣ በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «አንድ ለስንት?» የሚለው አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ በእጅ የተረፈውን የጎረቤት ገንዘብ ማን፣ በምን፣ እስከ ስንት ይመልሰዋል? ይህ ሳይወሰን የሚታወጅ ተመን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከወረቀት አያልፍም።