ፖስትህን ማን ያነበዋል?

ዛሬ ስለ ስልካችን ነው የማወራችሁ።

ገና ሲደርስ ላሊበላ እንዴት እንደምትሞላ ታውቃላችሁ። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ ስልኩን ያላወጣ አለ? የለም። ፎቶው ከነቦታው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ባለ ሆቴሉ ያየዋል፤ እንግዳ ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ ትሪፕአድቫይዘር ላይ የጻፈውንም እያነበበ ያስተካክላል። ይሄ ንግድ ነው፣ እኔ ክፋት አላይበትም።

ግን ያው ፎቶ ለሌላም ዓይን ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ጂኦፊዲያ የሚባል ድርጅት ነበር። ማን፣ የት ሆኖ፣ ምን እንደለጠፈ ካርታ ላይ እያሳየ ለነጋዴም ለፖሊስም ይሸጥ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ነገሩ ሲጋለጥ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ትዊተር መረጃውን ቆረጡበት።

እኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርታም አላስፈለገም። ሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የኢንተርኔት መልእክትን ከሰላይ መጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገባ። ዮናታን ተስፋዬ ታኅሣሥ 2008 ፌስቡክ ላይ በጻፈው ተያዘ፣ ግንቦት 2009 ደግሞ 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ ነው። ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው!

የተዘጋውንስ? መጋቢት 2005 የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ ስለሚባል የስለላ ሶፍትዌር ሪፖርት አወጣ። የግንቦት ሰባት ሰዎች ፎቶ ለማጥመጃነት ተጠቅመውበታል። ልብ በሉ፣ የጠላት ፎቶ አይደለም የላኩት። የምትወደውን፣ ሳታስብ የምትከፍተውን ነው። ስለዚህ «ሰበር! የጀግናው አዲስ ቪዲዮ» ብሎ ከማታውቁት ሰው ሊንክ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። ስልካችን ለነፍስ አባታችን ያልነገርነውን ሁሉ ያውቃል።

ሕጉንም እንወቅ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀምጣል፤ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ላይክና ታግ ማድረግ «ማሰራጨት» አይደለም ይላል። ሼርን ግን ከዚያ አላወጣውም። ይህን የምለው ዝም በሉ ለማለት አይደለም። በደልን ጻፉ፣ አጣርታችሁ ጻፉ። ግን ሌላውን ሕዝብ በጅምላ የሚሰድብ ጽሑፍ እዚህ ቤት የለንም፤ ተከሳሽ ከማድረጉም በፊት ነውር ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው ነው። ራሴን ፈልጌ አጋለጥኩ ልበል። ከጎኔ ቆሞ ፎቶው ውስጥ የገባው ልጅስ? እሱ ምንም አልጻፈም። ስሙን ታግ ያደረግነው እኛ፣ ቦታውን የነገርነው እኛ። ነገ ሲፈለግ እናቱ ናት በር የምትከፍተው። በቡድን የተነሳችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁ፤ «እኔን ቁረጠኝ» ያለውን ቁረጡት፣ አትቀየሙት።

ቴሌግራም ላይ ፎቶን «ፋይል» ብላችሁ ስትልኩ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ነው የምትልኩት፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ። በሉ አሁን ስልካችሁን አውጡ። ካሜራውን ክፈቱ፣ ሴቲንግ ግቡ፣ ሎኬሽን የሚለውን ፈልጉ። ያገኘ ለጎረቤቱ ያሳይ፣ እጠብቃለሁ።