በአባይ በረሃ ስላለው የአሸዋ ድንጋይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ ድንጋይ ነው። በበዓል ቀን ስለ ድንጋይ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ግን ነገሩ እርሻችንንና እንጀራችንን የሚነካ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ።

በጂኦግራፊ ትምህርታችን በአሜሪካ አገር፣ በዩታ ግዛት ስለሚገኘው አርችስ ስለተባለው ፓርክ አንብበናል። በዚያ በረሃ ዝናብና ውርጭ ቀዩን የአሸዋ ድንጋይ እየቦረቦሩ ከ2,000 የሚበልጡ የተፈጥሮ ቅስቶች ሠርተዋል። ከሁሉ የረዘመው ቅስት ስፋቱ 90 ሜትር ያህል ነው። መንግሥታቸው ቦታውን በ1929 እ.ኤ.አ. ከለለው፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ይህን ስናነብ አንዱ ጓደኛችን «ምነው እኛም እንዲህ ያለ ባየን!» ብሎ ተመኘ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ከደጀን ወረድ ብላችሁ አይታችኋልን?» ሲሉ ጠየቁን። ጉዞው የታሰበው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ደጀን አፋፍ ላይ ስንደርስ ብርዱ ገና ሹራብ ያስለብስ ነበር። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ደጋው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ ቆላ ይለወጣል። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሁላችንም በሸሚዝ ቀርተን ነበር። በእኛ ቋንቋ «በረሃ» የሚባለው ቦታ ዝናብ የሌለበት ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል፤ የአባይ በረሃ በክረምት በደንብ ይዘንብበታል፤ በረሃ ያሰኘው ሙቀቱ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ከላይ አፋፉን የያዘው ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ይባላል። ይህ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ እሳት ሲሆን፣ ለእርሻችን ለም አፈር የሰጠን እርሱ ነው። ከእርሱ በታች ወረድ ሲሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ ይገኛል፤ ይኸውም ዛሬ ጤፍ የምንዘራበት አገር በጥንት ዘመን ባሕር እንደ ነበረ ምስክር ነው። ከኖራው ድንጋይ በታች ጂፕሰምና በቀላሉ የሚፈርስ የሸክላ ድንጋይ አለ። በመጨረሻም በወንዙ አቅራቢያ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል።

ይህ የአሸዋ ድንጋይ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የጥንት ወንዞች ያከማቹት አሸዋ ነው። ቅላቱ እንደ ዛገ ብረት ነው፤ በእርግጥም ያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው አግድም የተደረደሩ ንጣፎች አሉት፤ በንጣፎቹም ውስጥ ዘንበል ያሉ መስመሮች ይታያሉ። መምህራችን እንዳስረዱን መስመሮቹ ያዘነበሉበት አቅጣጫ የጥንቱ ውሃ ወዴት ይፈስ እንደ ነበር ያመለክታል። ውሃ ለስለስ ያለውን ክፍል እየበላ ጠንካራውን ስለሚተው፣ ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ እንደ ዓምድ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ መደርደሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ድንጋዩ በሊቃውንት ዘንድ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ በ1868 እ.ኤ.አ. የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በትግራይ የገርዓልታ ተራሮች፣ አቡነ የማታ ጎህን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትም ይኸው ድንጋይ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን በሰሜን ቤተ መቅደስ የሠሩበት ድንጋይ በደቡብ የጎጃም ደጃፍ ሆኖ ቆሟል ማለት ነው።

በዚያ ቆመን ስንጽፍና ስንለካ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አህያቸውን እየነዱ መጡ። እጅ ነሣናቸው። «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

«ምንም አልጠፋብንም አባባ፤ ድንጋዩን ለማየት ነው የመጣን» አልናቸው።

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ድንጋዩስ የትም አይሄድም። በክረምት መጥታችሁ የሚሄደውን አፈር ብታዩ ይሻል ነበር» ብለውን አለፉ።

እኔ ከጉዞው ሁሉ ያልረሳሁት ይህን ቃል ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት አባይ ይህን ሸለቆ መቆፈር ከጀመረ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ የተፈጥሮ ሥራ ስለ ሆነ ማንም አይወቀስበትም። ከጮቄ ተራራ ጀምሮ በየወንዙ የሚወርደው የእርሻችን አፈር ግን በአብዛኛው በእኛ ዘመን፣ ዛፍ በመቆረጡና ተዳፋቱ ያለ እርከን በመታረሱ የሚሄድ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ ሁላችንም በደስታ ተቀብለናል። የሚታጠበው አፈር አንዱ ማረፊያ የዚያ ግድብ ሐይቅ ስለ ሆነ፣ ገበሬው በሚጎዳበት ነገር ግድቡም ይጎዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ የኖራው ድንጋይና ጂፕሰሙ ለሲሚንቶ ሥራ ይፈለጋሉ፤ ይህን መከልከል አይገባም፤ ነገር ግን ከአፋፉ እስከ ወንዙ አንድ ክፍል ሳይነካ ለትምህርትና ለጎብኚ ቢከለል መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤታችን ከእያንዳንዱ ንጣፍ የወዳደቀ ድንጋይ ሰብስቦ በቅደም ተከተል በአንድ መደርደሪያ ቢያኖር፣ ወደ በረሃው ለመውረድ ገንዘብ የሌለው ተማሪም ያያል። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ በጥርና በየካቲት ለእርከን ሥራ ሲወጣ እኛም አካፋና ዶማ ይዘን አብረን እንውጣ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንጨርሰው ብዙዎቻችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን 303 ሜትር የሚረዝመውን የህዳሴ ድልድይ እንሻገራለን። በዚያ ሰዓት በአውቶቡስ ውስጥ አታንቀላፉ፤ መስኮቱን ከፍታችሁ ቀዩን ድንጋይ ተመልከቱ፤ ከዚያም የውሃውን መልክ እዩ። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ፣ ያ ቀለም ከአንዳችን አባት ማሳ የመጣ መሆኑን አስቡ፤ በተማራችሁትም ትምህርት ተመልሳችሁ ያን ማሳ ለመርዳት አትዘግዩ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና እመኛለሁ።