ለቆሰለው ወታደር መንግሥት ዋስ ሆኗል፤ ባንኩ ግን የሚያየው ቁጥር ነው

(በቴሌቪዥን ከቀረበ ሳምንታዊ ሐተታ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ዛሬ ከተለመደው የአገር ቤት ፖለቲካ ወጣ ብለን፣ እዚህ አሜሪካ በቤተሰቦቻችን ጓዳ ውስጥ ስላለ፣ በአደባባይ ግን ብዙ ስለማይነገር ጉዳይ እንነጋገራለን። በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለው፣ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ተጎድተው የተመለሱ ልጆቻችን ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄዱ «ክሬዲትህ ዝቅተኛ ነው» ተብለው ስለሚመለሱበት ሁኔታ ነው የማነሳው።

ልጆቻችን ወደዚህ ጦር የገቡት በተለያየ መንገድ ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ አሉ። በዲቪ መጥተው፣ የኮሌጅ ክፍያውንም ዜግነቱንም አስበው የተመዘገቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ምልመላ በጀመረው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም የገቡም አሉ። በዚያ ፕሮግራም ጦሩ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ከእነዚህ መካከል ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ጆሮውን ወይም አእምሮውን ጎድቶ የተመለሰ ጥቂት አይደለም።

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። አራት ዓመት አገልግሏል። ሁለት ልጆች አሉት። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከጦሩ ሲወጣ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የክሬዲት ካርዱ ክፍያ ተቋርጦበታል። በዚያ ላይ ለአክስቱ ልጅ የመኪና ብድር ፈርሞ፣ ያም ሰው መክፈል አቁሟል። ዛሬ ስኮሩ 570 ነው። ባንክ ሄደ፤ «620 ከሌለህ አናስተናግድህም» ተባለ። ወጣቱም የአሜሪካ መንግሥት የከለከለው መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወደ ኪራይ ቤቱ ተመለሰ።

ውድ ተመልካቾች፣ የዛሬው ሐተታዬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የከለከለው መንግሥት አይደለም። 620 የሚለው ቁጥር የባንኩ የራሱ ደንብ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ቪኤ የምንለው፣ ለቤት ብድር ዝቅተኛ የክሬዲት ነጥብ አላስቀመጠም። አንዱ አበዳሪ 620 ሲል ሌላው 580 ይላል፤ ከዚያም በታች ወርዶ ማመልከቻውን በሰው እጅ የሚመረምር አለ። ልጁ የተዘጋበት በር አንድ ነው። እሱ ግን በሮቹ ሁሉ የተዘጉ መስሎት ተመለሰ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ይህ የቤት ብድር መብት የመጣው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 በፈረሙት፣ ጂአይ ቢል እየተባለ በሚጠራው ሕግ ነው። አሠራሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ዋስትና ነው። ቪኤ በአብዛኛው ራሱ ገንዘብ አያበድርም። የሚያበድረው የግል ባንክ ነው። መንግሥት ግን «ይህ ሰው ባይከፍል የብድሩን አንድ አራተኛ ያህል እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ ዋስ ይሆናል። ዋስ ስላለም ወታደሩ ያለ ቅድሚያ ክፍያ መግዛት ይችላል፤ በየወሩ የሚከፈል የሞርጌጅ ኢንሹራንስም የለበትም። አወዳድሩት፦ አንድ ተራ ገዢ በኤፍኤችኤ ብድር 400,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ሲገዛ፣ ስኮሩ 580 ከሆነ 14,000 ዶላር ቅድሚያ ይከፍላል፤ ከ580 በታች ከሆነ ደግሞ 40,000 ዶላር።

ነገር ግን ዋስትና መኖሩ ብቻውን በር አይከፍትም። ታሪክ ይህንን ያሳየናል። ሕጉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በቪኤ ዋስትና ለቤት፣ ለንግድና ለእርሻ ከተሰጡት 3,229 ብድሮች መካከል ለጥቁር ወታደሮች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሕጉ ጥቁሩን አልከለከለውም፤ የባንኩ ሰው ግን ከለከለው። ዛሬ በቀለም መከልከል በሕግ ተወግዷል። ሆኖም ውሳኔው አሁንም በባንኩ እጅ ነው፣ ባንኩም መጀመሪያ የሚያየው ስኮሩን ነው። ስለዚህ መብቱን የሚያውቅ ሰው አንድ ባንክ «አይሆንም» ሲለው ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል።

ታዲያ ቪኤ ነጥብ ካልጠየቀ ምን ያያል? በመጀመሪያ፣ ያለፉትን 12 ወራት ያያል። በአጠቃላይ አነጋገር፣ የተበላሸው ዕዳ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በወቅቱ የከፈለ ሰው ክሬዲቱን እንደገና እንደገነባ ይቆጠርለታል። ቻፕተር 7 በሚባለው የኪሳራ ሕግ ውስጥ ያለፈ ወይም ቤቱ በፎርክሎዠር የተወሰደበት ሰው እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ጠብቆ እንደገና ማመልከት ይችላል። ሁለተኛ፣ የወሩ ዕዳ ሁሉ ተከፍሎ ለቤተሰቡ ቀለብና ኑሮ የሚተርፈውን ገንዘብ ያያል። ለምሳሌ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን በሚያጠቃልለው የደቡብ ቀጠና፣ አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ ብድሩ 80,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በወር 1,003 ዶላር መትረፍ አለበት። ለእኔ ይህ ከስኮሩ ይልቅ ወደ ሰው ኑሮ የቀረበ መለኪያ ነው።

የጉዳቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአገልግሎት ምክንያት የተጎዳ ሰው ከቪኤ በየወሩ የሚያገኘው ካሣ ግብር አይቆረጥበትም። ግብር ስለሌለበትም አበዳሪው የዕዳና የገቢ ንጽጽር ሲሠራ እስከ 25 በመቶ ከፍ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ 2,000 ዶላሩ እንደ 2,500 ዶላር ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማንኛውም የቪኤ ብድር ወሳጅ ፈንዲንግ ፊ የሚባል ክፍያ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለሚገዛ ሰው 2.15 በመቶ ነው። በ400,000 ዶላር ብድር ላይ 8,600 ዶላር ይሆናል። የጉዳት ካሣ የሚያገኝ ወታደር ግን፣ የጉዳቱ መጠን 10 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ከዚህ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ከገዛ በኋላ ካሣው ተፈቅዶለት የሚቆጠረው ግን ቤቱን ከገዛበት ቀን በፊት ጀምሮ ከሆነ፣ የከፈለውን መልሶ መጠየቅ ይችላል።

በዚህ አያበቃም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ መቶ በመቶ ጉዳተኛ ለተባለ ወታደር የመኖሪያ ቤቱን የንብረት ግብር ያነሱለታል፤ ዝርዝር መስፈርቱ በየስቴቱ ይለያያል። እግሮቹን ወይም የዓይኑን ብርሃን ላጣና ለመሳሰለው ከባድ ጉዳት ደግሞ፣ ቤቱን በዊልቸር እንዲመች አድርጎ ለመሥራት ወይም ለማስተካከል ከ100,000 ዶላር በላይ የሚደርስ፣ የማይመለስ ድጋፍ አለ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መብት እያለ ልጆቻችን ለምን አይጠቀሙበትም? እዚህ ላይ ስለራሳችን እውነቱን መነጋገር ይኖርብናል። አንደኛው ምክንያት ሀፍረት ነው። በእኛ ቤት «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል ይከብዳል። «የአእምሮ ጭንቀት አለብኝ» ማለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እናት «ልጄ ጤነኛ ነው» ትላለች፤ አባት «ወታደር አይታመምም» ይላል። ልጁም ሌሊት እየቃዠ፣ ቀን ወገቡን ይዞ እየሠራ፣ ማመልከቻውን ሳያስገባ ዓመታት ያልፋሉ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የመደበቅ ዋጋው በዶላር ይቆጠራል፦ በግዢው ቀን 8,600፣ ከዚያም በየወሩ ሊያገኘው ይችል የነበረው ካሣ። ከገንዘቡ በፊት ደግሞ ሕክምናው ይቀርበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የክሬዲት ባህላችን ነው። እኛ ዘመድ ሲቸገር ዝም ብለን አናይም፤ ይህ መልካም ነገራችን ነው። ግን ኮሳይን ማድረግ ማለት ሙሉ ዕዳውን በራስ ስም መውሰድ ማለት ነው። ያ ሰው አንድ ወር ሲያሳልፍ የሚወድቀው የፈረመው ሰው ስኮር ነው፤ ምልክቱም ሰባት ዓመት ይቆያል። ካርድ ተበድሮ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ አገር ቤት መላክም እንዲሁ ነው። ለዘመድ ስጦታ ከኪስ ይሰጣል፤ ፊርማ ግን አይሰጥም። ቤት ለመግዛት በሚያስብበት ዓመት ለማንም የማይፈርም ልጅ ጨካኝ ተብሎ መወቀስ የለበትም።

አሁን ወደ ተግባር እንምጣ። መጀመሪያ፣ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ይዞ ከቪኤ የብድር ብቁነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው። በአገልግሎት ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት የተሰናበተ ሰው ዝቅተኛው የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ቀጥሎ፣ የኤኩዋፋክስ፣ የኤክስፔሪያንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ማየት ነው። ስህተት ካለ በጽሑፍ ይቃወሙታል፤ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። የፌዴራል ዕዳ፣ ለምሳሌ ክፍያው የተቋረጠ የተማሪ ብድር ካለ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው፤ እሱ ሳይስተካከል የቪኤ ብድር አይታሰብም። በዚሁ ወቅት አዲስ ካርድ አለማውጣት፣ አዲስ መኪና አለመግዛት ነው።

ብዙዎቻችሁ ልትጠይቁ የምትችሏቸው ሁለት ነገሮች አሉ። «ከወንድሜ ጋር ልግዛ?» የሚል ካለ፣ ወንድሙ ወታደር ካልሆነ ዋስትናው የሚሸፍነው የወታደሩን ድርሻ ብቻ ስለሆነ ባንኩ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ከሚስት ወይም ከባል ጋር ግን ይህ ችግር የለም። ሆኖም እንደ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ባሉ ስቴቶች የትዳር ጓደኛ ዕዳ አብሮ እንደሚታይ እወቁ። «ገዝቼ ላከራየው?» ለሚልም፣ ቤቱ ወታደሩ ራሱ የሚኖርበት መሆን አለበት። እስከ አራት መኖሪያ ያለው ሕንፃ ገዝቶ በአንዱ እየኖረ ሌሎቹን ማከራየት ግን ይቻላል።

ከአጭበርባሪዎችም ተጠንቀቁ። «ክሬዲትህን አጸዳለሁ» ብሎ ሥራውን ሳይሠራ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሕግ እየጣሰ ነው። የጉዳት ካሣ ማመልከቻ ለማስገባትም ለማንም መክፈል አያስፈልግም። እንደ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩና ዲኤቪ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ባላቸው ተወካዮቻቸው በነፃ ይረዳሉ። የቪኤ የቤት ብድር ክፍል ስልክ 877-827-3702 ነው።

በነፃ የሚገኝ ነገር አለ ማለቴ ግን ሁሉም ነገ ሮጦ ይግዛ ማለቴ አይደለም። ባንክ የፈቀደው ሁሉ ኪስ የሚችለው አይደለም። ስኮሩ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ወለድ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የንብረት ግብሩ፣ ኢንሹራንሱና የጣሪያው ጥገናም በኋላ የሚመጡ ናቸው። ካሣውን ከማመልከት ጎን ለጎን አንድ ዓመት በሥርዓት ከፍሎ 570ውን ወደ 620 ማድረስ፣ በችኮላ ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክሬ መብትን አውቆ፣ ጊዜን መርጦ መግባት ነው።

ለማኅበረሰብ መሪዎቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የኮሚዩኒቲ ማዕከሎቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን የግብርና የጤና ኢንሹራንስ ገለጻ ያዘጋጃሉ። በዓመት አንድ ምሽት ደግሞ ፈቃድ ያለው የወታደሮች ተወካይ ጠርተው፣ በአማርኛ ተርጓሚ፣ ወላጆች ባሉበት ይህን ጉዳይ ያነጋግሩበት። ወላጅ ሲሰማ የልጁ ሀፍረት ይቀንሳል።

በመጨረሻ አገር ቤት ላላችሁ ተመልካቾቻችን። «ይህ የአሜሪካ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ ጦር ሲበተን፣ ለአገሩ ብሎ እግሩን ያጣ ወታደር በየመንገዱ እጁን ሲዘረጋ ያየን ትውልድ ነን። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም ቁስሉን ይዞ የተመለሰው ወጣት ማን ይደርስለታል የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው። የአሜሪካው ሥርዓት ጉድለት እንዳለው አይተናል፤ የሚሲሲፒውን ጠቅሻለሁ። ቢሆንም የቆሰለ ወታደር የመንግሥትን ዋስትና በስሙ የተጻፈ መብት አድርጎ ይዞ ባንኩን ሊሞግት ይችላል። እኛም በአገራችን ለወታደሮቻችን መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው፦ በዓል ሲመጣ የሚደረግ ምጽዋት ሳይሆን በሕግ የተጻፈ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የማይሻር መብት።

ጦሩ ውስጥ ያገለገለ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህንን ዛሬውኑ አሳውቋቸው።