መሬት በፖለቲካ ሚዛን አይደልደል
የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለአራዳና ለፒያሳ መራጮች ያደረጉት ንግግር



ፒያሳ ላይ ቆሞ ስለ እርሻ መሬት መናገር ምን አመጣው የምትሉ ትኖራላችሁ። የመሬት ጥያቄ ግን ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የተመሙት እዚሁ አራት ኪሎ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ የመደልደሉም ሥልጣን በገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅ ገባ።

መሬት የሚደለድል እጅ በፖለቲካ ሲታዘዝ ምን እንደሚሆን በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል አይተናል። በዚያ ሽግሽግ፣ ክልሉን ያስተዳድር በነበረው ብአዴን ዘመን፣ ገበሬው በምድብ ተከፈለ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሥልጣን ነበረው የተባለው «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ ሌላው ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ»። የእነዚህ ጣሪያ አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ሲሆን፣ ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ ክስ፣ ማስረጃና ዳኛ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን የበደለ ሰው ካለ በስሙ ተከሶ በፍርድ ቤት ይጠየቅ። አባት ለያዘው ሥልጣን ልጅ በማሳው የሚቀጣበት ሕግ ግን የትኛው ነው? በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይለይ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ከተጻፈ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው ሽግሽጉ የመጣው።

የጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጎናቸው ቆመው ሰልፍ ቢወጡ በፖሊስ ተበተኑ፤ ታሰሩም።

ሐቁን ሙሉውን እንናገር። በዚያ ሽግሽግ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች መሬት አግኝተዋል። ድሃ መሬት ማግኘቱን አንቃወምም። የምንቃወመው መሥፈርቱን ነው። መሬቱን በፖለቲካ ሚዛን ያገኘ ሰው፣ ሚዛኑ በተለወጠ ቀን እንደሚያጣው ያውቃልና ቀና ብሎ አይናገርም። ክልሉ ራሱ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ድልድል የሚካሄደው 80 በመቶ የቀበሌው ባለይዞታዎች ሲስማሙ ነው አለ። መልካም፤ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ!

የፒያሳ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን ጉዳይ ያስታውሳል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፈራችሁ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የጠየቃችሁት ጥያቄ የገበሬው ጥያቄ ነበር። ማን ይነሳል? ምትክ ለማን፣ የት ይሰጣል? የተበደለስ አቤት የሚለው ለማን ነው?

ስለዚህ ፓርቲያችን፦

1. የፖለቲካ ታሪክና የፓርቲ አባልነት የመሬትም ሆነ የምትክ ቤት መሥፈርት እንዳይሆን በሕግ ይከለክላል፤

2. የድልድል ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ ደልዳዮቹም የፓርቲ ሹመኞች እንዳይሆኑ ያደርጋል፤

3. ቅር የተሰኘ ሁሉ በመደበኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል፣ ውሳኔ እስኪያገኝም ከይዞታው እንዳይነሳ ያደርጋል።

«በ1989 የተወሰደውን ትመልሳላችሁ?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ለምርጫ ብለን አንዋሽም። ያንን መሬት ዛሬ የሚያርሱት ድሆች ናቸው፤ ከእነርሱ መንጠቅ ሌላ 1989 ይሆናል። አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኛ ሥልጣን የምንጠይቀው ቁናውን ተቀብለን በተራችን ልንሰፍርበት አይደለም። ቁናው ከፓርቲ እጅ ወጥቶ በሕግ እጅ እንዲገባ ነው፤ ከእኛም እጅ ጭምር።

ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን አስቡ።