ምልክት ያለው አይጠፋም፤ ስለ እንሰት በሽታና ስለ ዲ ኤን ኤ ንባብ የተደረገ ንግግር



በሆሣዕናም ሆነ በዱራሜ ዙሪያ እንሰት የሌለበት ጓሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቆጮው ምግባችን፣ ቃጫው ገመዳችን፣ ቅጠሉ መጠቅለያችን ነው። ይህን ሀብታችንን ግን አጠውልግ የተባለው በሽታ ይፈጀዋል። የበሽታው መነሻ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ጽፈው አስታውቀዋል።

እንግዲህ ጠላትን ለመከላከል ማንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በሌሞ የሚገኘው ባክቴሪያ በአንጋጫ ከሚገኘው ጋር አንድ ነውን? ይህ የሚታወቀው ዲ ኤን ኤውን፣ ይኸውም በአራት ፊደላት የተጻፈውን የዘሩን መጽሐፍ በማንበብ ነው። በዚህ ዘመን ረጃጅም የዲ ኤን ኤ ክሮችን በረቂቅ ቀዳዳ እያሳለፈ፣ ከኤሌክትሪኩ መለዋወጥ ፊደላቱን የሚለይ መሣሪያ አለ። ነገር ግን መሣሪያውን ለአንድ ናሙና ብቻ ማሠራት ወጪው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ናሙናዎችን ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ ማንበብ ተፈለሰፈ።

ከተቀላቀሉ በኋላ በምን ይለያሉ? የብዙ ሰው ድንች በአንድ መኪና ተጭኖ ጆንያዎቹ ቢፈቱ፣ በጆንያው ላይ የተጻፈ ስም ምን ይረባል? ምልክቱ በየድንቹ ላይ መሆን ነበረበት። ሊቃውንቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከመቀላቀሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ጫፍ ላይ፣ ባርኮድ የሚባል 24 ፊደል ያህል ያለው አጭር ክር በኢንዛይም ይጣበቅበታል። ለእያንዳንዱ ናሙና የራሱ ባርኮድ አለው። ከዚያ ሁሉም በእኩል መጠን ይቀላቀላሉ፤ ክሩን ወደ ቀዳዳው የሚመራው አዳፕተርም ይጨመራል። ንባቡ ሲያልቅ ኮምፒዩተር ባርኮዱን እያየ ቁራጩን ሁሉ ወደየናሙናው ይመልሳል። በዚህ መንገድ 24 ወይም 96 ናሙናዎች በአንድነት ይነበባሉ።

ሆኖም ንባቡ ለሁሉ ስለሚከፋፈል፣ የናሙናው ቁጥር በልክ መሆን አለበት። ባክቴሪያው ወደ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ስላለው ብዙውን ባንድ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ እንሰት ግን ከ500 ሚሊዮን በላይ ስላለው የሚቻለው ጥቂቱን ነው።

መሣሪያው በሽታውን ለይቶ ያሳውቃል እንጂ አይፈውስም። በሽታው በቢላዋ ስለሚተላለፍ፣ የታመመ እንሰት የነካውን ቢላዋ በእሳት ማጽዳት ዛሬም ግዴታችን ነው። ደግሞም ናሙናው ከጓሮ ሲወሰድ ስሙ ከተሳሳተ፣ ባርኮድም ሆነ ኮምፒዩተር አያቃናውም። የእንሰቱን ዓይነት በስም ለይተው የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ሳይንስ የምንማር እኛ፣ ከሁሉ አስቀድመን እነርሱን ጠይቀን እንጻፍ።