«ፕሮቲን የለም» ተብያለሁ

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ስለ አዳዲስ የላቦራቶሪ ማሽኖች ላወራችሁ ነበር፤ ግን የሚደወለው ስልክ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። «ስኳር አለብኝ፤ ሽንቴ ታይቶ ፕሮቲን የለም ተብያለሁ፤ እንግዲህ ኩላሊቴ ደህና ነው አይደል?» ደህና ሊሆን ይችላል። ያ ምርመራ ግን አይነግራችሁም!

ሽንት ውስጥ የምትነከረዋ ስትሪፕ ቀለሟ የሚለወጠው ፕሮቲኑ በርከት ሲል ነው። ስኳር ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምር ግን የሚያመልጠው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ጥቂት ስለሆነ ስትሪፗ አታየውም። ባለቤቱም አያመውም፣ አያብጥም። ይህን ጥቂት አልቡሚን በአንቲቦዲ የሚለካ ዘዴ ሃሪ ኪን የተባሉ የለንደን ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ዛሬ ማሽኑ ውስጥ አንቲቦዲው አልቡሚኑን ሲይዝ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ማሽኑም ብርሃን አሳልፎ ድፍርስነቱን ይለካል። ደቂቃዎች ይበቁታል።

ድሮ ያዘገየን የነበረው ሽንቱን ማጠራቀሙ ነው፤ ሙሉ 24 ሰዓት። አንድ አባት ጀሪካናቸውን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። «አባቴ፣ ሁሉም እዚህ አለ?» ስላቸው፣ «አዎ ልጄ፤ የሌሊቱ ብቻ ሲቀር። ሌሊት ደጅ ነው የምወጣው» አሉኝ። የሌሊቱ ከቀረማ ምኑን ለካነው?

አሁን በአንድ ኩባያ ሽንት የሚሠራው በክሬያቲኒን ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ ይለኛል። ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ መጠኑ ከቀን ቀን ብዙ አይለዋወጥም። ወጥ ላይ ውሃ ብትጨምሩ ጨውም በርበሬም እኩል ይቀጥናሉ አይደል? ሽንትም ሲቀጥን አልቡሚኑና ክሬያቲኒኑ አብረው ስለሚቀጥኑ አልቡሚኑን ለክሬያቲኒኑ እናካፍላለን። ታዲያ ጡንቻቸው የሳሳ አዛውንትስ? ክሬያቲኒናቸው ትንሽ ስለሆነ ንጽጽሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ጡንቻው የዳበረ ወጣት ደግሞ ተቃራኒው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ሐኪሙ ሰውየውንም ያያል።

«ኩላሊቴን ላጥበው» ብላችሁ ውሃ ስትግቱ አድራችሁ የምትመጡ፣ እባካችሁ ተዉ። የቅባት ብልቃጥ አለቅልቃችሁ የምታመጡም እንዲሁ፤ ዕቃው ከላቦራቶሪ ይሰጣችኋል።

አዘጋጇ ከመስታወቱ ወዲያ ሰዓት እያሳየችኝ ነው፤ ልፍጠን። የሚሻለው ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሣችሁ የሚሸናው ነው፤ ቀን ቆመን ስንንቀሳቀስ አልቡሚኑ ከፍ ይላላ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ ወይም ከባድ ስፖርት ካለ ለሌላ ቀን አቆዩት። ለአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች አልቡሚን ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ በአንድ ውጤት አይፈረድም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ተደግሞ ከሦስቱ ውጤቶች ሁለቱ ከፍ ሲሉ ነው የሚፈረደው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር። ሐኪማችሁን «ፕሮቲን እዩልኝ» አትበሉት፤ «የአልቡሚንና የክሬያቲኒን ንጽጽር» በሉት፣ ወረቀቱም ላይ መጻፉን እዩ።